ከዩኒየን ስቴሽን እስከ ጃክሰን ፓርክ፦ የቺካጎ የጭፈራ ማስታወሻዬ

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳልተኛ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣሁ። ከዋሽንግተን ቺካጎ በባቡር ወደ 18 ሰዓት ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት። አብረውኝ የሚሠሩት ነርሶች "ምን ነካሽ?" አሉኝ። ምክንያት አለኝ። ነገ ጠዋት ስወርድ እነግራችኋለሁ።

የምሄደው ለመጨፈር ነው። በ45 ዓመቴ። ቅዳሜ ጃክሰን ፓርክ ውስጥ በየዓመቱ የሚደረግ የሃውስ ሙዚቃ ፒክኒክ አለ። ስንት ዓመት በወሬ ብቻ ስሰማው ኖርኩ። ዘንድሮ ፈረቃዬን ከአንዷ ጋር ተለዋውጬ፣ የገናን በዓል ልሠራላት ተስማምቼ አምስት ቀን አገኘሁ።

ሃውስ ስል ሁሉንም ማለቴ አይደለም። እኔ የምወደው ዘፋኝ ያለበትን ነው። ከታች ከበሮው ሳይዛነፍ ዱም ዱም ዱም ዱም ይላል፤ በደቂቃ 120 ጊዜ ገደማ። ከላይ አንዲት ሴት ሳንባዋ እስኪቀደድ ትዘፍናለች። ቮካል ሃውስ ይሉታል። ዘፋኝ የሌለበትን አልንቅም፤ ግን ለእኔ ወጥ የሌለው እንጀራ ነው።

በሽታው የያዘኝ አዲስ አበባ ነው። በፈረንጆቹ 1992 ገደማ (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በሰፈራችን ዴክ ያለው አንድ ቤት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ተሰብስበን የውጭ ዘፈን ቪዲዮ እናያለን። አንዱ ላይ ቀጭን፣ መለሎ ሴት አፏን እየከፈተች ትወዛወዛለች። የሚወጣው ድምፅ ግን ጣሪያ ያነሳል። እናቴ ልትጠራኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ትንሽ አየችና "ይቺ ልጅ ከዚህ ሰውነት ይሄን ድምፅ ከየት አመጣችው?" አለች። ሁላችንም ሳቅንባት።

እናቴ ልክ ነበረች። ልጅቷ አላመጣችውም። ይህን ያወቅሁት ግን ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ፒትስበርግ ስንደርስ እኩለ ሌሊት ሆኗል። ከዚያ በኋላ አላስታውስም። አንገቴ ተጣሞ ኦሃዮ ላይ ነቃሁ። በቆሎ፣ በቆሎ፣ በቆሎ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

በባቡር የመጣሁበት ምክንያት ይኸውና። ቺካጎ ዩኒየን ስቴሽን ወርዳችሁ ወደ ምዕራብ ሁለት መንገድ ብትሻገሩ 206 ሳውዝ ጀፈርሰን ትደርሳላችሁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሃውስ የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ቤት ነው። በአውሮፕላን ብመጣ ይሄ አይሆንም። ሰው ወደ ቁልቢ በእግሩ የሚሄደው መኪና አጥቶ አይደለም።

ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ነው። ሌላ ምንም የለውም። ማኪያቶ የያዙ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። መንገዱ ላይ ቡናማ የክብር ምልክት ተሰቅሏል፤ የዲጄው የፍራንኪ ናክልስ ስም ተጽፎበታል። ያንን ስም ከተማው የሰጠው በ2004 ነው። እንዲሳካ ካደረጉት አንዱ በጊዜው የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር የነበረው ባራክ ኦባማ ነው።

ፍራንኪ የኒውዮርክ፣ የብሮንክስ ልጅ ነው። በ1977 ሮበርት ዊልያምስ የሚባል ሰው እዚህ ሕንፃ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል ክለብ ሲከፍት መጀመሪያ የጠራው የኒውዮርኩን ዲጄ ላሪ ሌቫንን ነበር። ላሪ ኒውዮርክን ትቼ አልሄድም አለ። ፍራንኪ መጣ። ቅዳሜ ማታ የጀመረው እሑድ ረፋድ ላይ ያበቃ ነበር። የሚመጡት አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፤ ፍራንኪም እንደዚያው። ይህን ሳነሳ ፊቱን የሚያጨፈግግ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ያጨፍግግ። እነዚያን ልጆች ቤተሰብም ሰፈርም ቤተ ክርስቲያንም አላስጠጋቸውም፤ ያስጠጋቸው ይሄ ቤት ነው። ፍራንኪ ራሱም ክለቡን ከጸጋ ለወደቁ ሰዎች የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ነበር የሚጠራው።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ሐምሌ 1979 እዚሁ ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ የቤዝቦል ሜዳ፣ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ይግባ ተባለ። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በሁለት ጨዋታዎች መሀል ሸክላዎቹን ከምረው በፈንጂ አፈነዷቸው። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ቀረ። የዚያን ቀን ሜዳው ላይ ተመልካች የሚያስተናግድ ቪንስ ሎረንስ የሚባል ጥቁር ልጅ ነበር። ሰው ይዞት የመጣው ሸክላ ሁሉ ዲስኮ እንዳልሆነ አስተውሏል፤ ዝም ብሎ የጥቁር ሙዚቃ የሆነም ነበረበት። ያ ልጅ አምስት ዓመት ቆይቶ ብዙዎች የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ ከሚሉት ሥራ ጀርባ ካሉት አንዱ ሆነ።

ከፍንዳታው በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዲስኮ ማሳተሙን ተዉት። ፍራንኪ አዲስ ዘፈን አጣ። ስለዚህ ያለውን በቴፕ ክር እየቆረጠ እየቀጠለ ያስረዝመው ጀመር። ሰው የወደደውን ቦታ ይደግመዋል፣ ከበሮ ይጨምርበታል። ልጆቹ ሸክላ ቤት ሄደው "ያን ዌርሃውስ የሚጫወቱትን ስጡን" ይላሉ። ዌር ቀረ፣ ሃውስ ተረፈ።

ሕንፃው በ2022 መጨረሻ ሲሸጥ ሊፈርስ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ፊርማ አሰባሰበ። በሰኔ 2023 ከተማው ቅርስ ብሎ መዘገበው። ኒውዮርክ የላሪ ሌቫን ክለብ፣ ፓራዳይስ ጋራዥ የነበረው ኪንግ ጎዳና 84 ግን በ2018 ፈርሷል። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ለጡብ እንደዚህ መሆን ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ደጃፍ ቆሞ ያደረ ሰው ይገባዋል። አሁን ሄዶ የሚዳስሰው ግድግዳ የለም።

ጋሼ መጥተው ወሰዱኝ። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በሱዳን አድርገው በ1984 ቺካጎ ገቡ። ከ1986 ጀምሮ ታክሲ ነድተው በቅርቡ ነው ጡረታ የወጡት። የሚኖሩት ኤጅዋተር፣ ብዙ ሐበሻ ያለበት ሰፈር ነው። ባዶ ግድግዳ ሳይ እንደነበር ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ድንገት "እነዚያን ልጆች እኮ እጭናቸው ነበር" አሉ።

"የትኞቹን?"

"እሑድ ጠዋት ልብሳቸው የሚንጠባጠበውን። ሰማዩ ጥርት ብሎ እነሱ ዝናብ የመታቸው ይመስላሉ። ወንበሩን ፌስታል አልብሼ ነበር የምጭናቸው። ደሞ አልሰከሩም። አልኮል አልኮል አይሉም። እኔን ግራ የሚገባኝ እሱ ነው። ያልጠጣ ሰው እንዴት ሲዘፍን ያድራል?"

ነገርኳቸው። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ መጠጥ አይሸጡም ነበር። ጭማቂና ውሃ ነው። መጠጥ ስለማይሸጡ የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት አይነካቸውም፤ እስከ ረፋድ ይሄዳሉ። ከተማው በ1987 ጭማቂ የሚሸጡትም እንደ መጠጥ ቤት በሰዓቱ ይዘጉ ብሎ ደነገገ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰዓት እላፊ በለኛ!" አሉ። በደርግ ጊዜ እሳቸውም ሰዓት እላፊ እንዳይዛቸው ጭፈራ ቤት ተቆልፎባቸው ያደሩ ሰው ናቸው።

በመንገዳችን ክላርክ ጎዳና ላይ ግራማፎን ሸክላ ቤት አስቆምኳቸው። ከ1969 ጀምሮ አለ። "አሥር ደቂቃ" ብዬ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ጋሼ መኪና ውስጥ ተኙ።

የምፈልገውን አውቃለሁ። የሸክላ መሀል ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት ነው የማነበው። የደራሲ ስም፣ የአሳታሚ ስም፣ የአቀናባሪ ስም፣ ርዝመቱ በደቂቃ። አንዳንዱ ላይ የዘፋኟ ስም የለም። ብላክ ቦክስ የሚባሉት ጣሊያኖች በ1989 ዓለምን ያናወጡበት ነጠላ ሸክላ ላይ የሚጮኸው ድምፅ የሎሌታ ሆሎዌይ ነው። የቺካጎ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር መዝሙር እየዘመረች ያደገች። ድምፁን ከ1980 ሥራዋ ቆርጠው ነው የወሰዱት። ስሟን አልጻፉም። መድረክ ላይ ሌላ ቆንጆ ሴት አቁመው አፏን ያንቀሳቅሷታል። ሎሌታ ጠበቃ ይዛ ነው ገንዘቧን ያገኘችው።

እናቴ በር ላይ ቆማ የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ ደግሞ ማርታ ዋሽ ናት። እሷም ከቤተ ክርስቲያን የወጣች፣ የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ። በ1990 የወጡ ስንትና ስንት ዘፈኖች ላይ ዋናው ድምፅ የእሷ ነው። ቪዲዮው ላይ ግን ቀጫጭን ልጆች ናቸው። ወፍራም ስለሆነች ማለት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም። ከሰሰች። እሷ ክስ ካነሳች በኋላ ዘፋኝን በስሟ መጻፍ በኢንዱስትሪው ውስጥ ደንብ ሆነ። ሸክላዋን አገላብጬ ገዛኋት። የሎሌታን፣ የ1980ውን። ስሟ በትልቁ አለበት።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

የአሜሪካ የነፃነት ቀን። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ርችት በርችት ነው።

እትዬ የጋሼ ባለቤት ናቸው። የሰኔን ጾም ይጾማሉ። "በጾም ጭፈራ አለ እንዴ?" አሉኝ ቡና እያፈሉ። "እትዬ፣ የሰኔ ጾም የቄስ ጾም አይደል?" አልኩ። ያን ባልል ይሻለኝ ነበር። ጀበናውን አስቀመጡና ስለ ሐዋርያት ትምህርት ጀመሩ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ጋሼ ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ይዟቸዋል። ጓዳ ገብተው በካርቶን ሲያንኮሻኩሹ ቆዩ። አንድ ካሴት ይዘው ወጡ። ልባሱ ተሰንጥቋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሌላ ምንም የለም።

"አንዱ ሒሳብ ጎድሎበት በእሱ ፋንታ የሰጠኝ ነው" አሉ። "1986 ይሁን 87። ውሰደው፣ ከዶላሩ ይበልጣል አለኝ። ተናድጄ ነበር።"

የሳሎኑ ቴፕ አሁንም ይሠራል። የመጀመሪያውን ገጽ ስንከፍተው የተሰማው ዘፈን አይደለም። የጋሼ ድምፅ ነው። የወጣት ጋሼ። "እንደምን ከረማችሁ፣ እማዬ እንደምን አለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ..." ያኔ ደብዳቤ በካሴት ነበር የሚላከው። ባዶ ካሴት ከሚገዙ በዚያ ላይ ቀርጸውበታል። ለምን እንዳልላኩት አልጠየቅሁም። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ሁለት ደቂቃ ያህል ሰሙና ዘጉት።

ካሴቱን ገለበጥነው። ሁለተኛው ገጽ አልተነካም። ሸሸሸ ካለ በኋላ ከበሮው መጣ። ከዚያ አንዲት ሴት ከሩቅ፣ ከጭስ ውስጥ እንደምትጣራ። ያ ዲጄ ማን እንደነበር አላውቅም። ሳሎን መሀል እግሬ አላስቆም አለኝ። እትዬ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ፤ ግን በሩን አልዘጉትም።

ማታ አንድ መሀል ከተማ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ክለብ ሄድኩ። ብሄድ ኖሮ ብዬ እንዳልቆጭ ነው። መግቢያው 50 ዶላር። ውስጡ ጠረጴዛ በጠረጴዛ። መሀል ላይ ለመጨፈሪያ የቀረው ቦታ የእትዬን ሳሎን አያህልም። ልጆች ጠርሙስ ላይ ርችት ለኩሰው ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፤ ይቀርጻል፤ ይቀመጣል። ዲጄው አንድ የድሮ ቮካል ጣል አደረገ። ዘፋኟ ገና ትንፋሽ ስትስብ ቆረጣት። በሰላሳ ሰከንድ! አጠገቤ የነበረችው ልጅ የዘፈኑን ስም በስልኳ ፈልጋ ሳታገኘው አለፈ። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበርና ተረከዜን ላጠኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ጋሼ እመጣለሁ አሉ! ተጣጣፊ ወንበር፣ ቴርሞስ፣ ጥላ ጭነው ነው የወረዱት። እትዬ አልመጡም፤ ግን ምስር ወጥ፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ቋጥረውልናል። "ሰዉ ሥጋ ሲጠብስ ምራቃችሁን እንዳትውጡ" አሉን።

ጃክሰን ፓርክ በደቡቡ በኩል ሐይቁ ዳር ነው። ከሩቁ ጭስ ይታያል። የተቃጠለ ከሰልና የጎድን አጥንት ሽታ። ከዚያ ቤዙ እግራችሁን በመሬት በኩል ያገኛችኋል። ገና ዘፈኑ ሳይሰማ።

ይሄ ፒክኒክ ሲጀመር በ1990 የቤተሰብ የከሰል ድግስ ነበር። ቾዝን ፊው የሚባሉ ዲጄዎች አሉ። ዌይን ዊልያምስ በ1977 ያቋቋመው የሰፈር ልጆች ቡድን ነው። ያን በ1984 የወጣውን የመጀመሪያ የሚባል ሸክላ የሠራው ጄሲ ሳንደርስ ከነሱ አንዱ ነው። ገሚሶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ለነፃነት ቀን ቤተሰብ ሊጠይቁ ሲመጡ ከሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ጀርባ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ማጫወቻ ይተክላሉ። ወሬው ወጣ። አሁን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል።

ድንኳን በድንኳን ነው። አንዱ የቤተሰብ ጉባኤ፣ አንዱ የአንድ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች፣ አንዱ ሟች ጓደኛቸውን በቲሸርት ያሳተሙ። አያት፣ እናት፣ ልጅ። ትናንት ክለብ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ። እዚህ ልጅ ነኝ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ሰፋፊ ማራገቢያ በጣታቸው ጧ! እያደረጉ እየከፈቱ ቀወጡት። ደረታቸውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እንደ ማዕበል ያደርጉታል፤ ጃክ ማድረግ ይሉታል። ለእኛ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ደረቱ ላይ ትከሻ ጨምሩበት።

ጋሼ ወንበራቸውን ዛፍ ጥላ ሥር ዘርግተው ቡናቸውን ከፈቱ። አጠገባችን ያለው ድንኳን ወዲያው ጎድን አጥንት በሳህን ላከልን። ጋሼ ወደ ሰማይ አዩ። ወደ ሳህኑ አዩ። "ሐዋርያት ይቅር ይበሉኝ" ብለው አነሱ። ምስር ወጡን በአጸፋ ላክን። በሳህን ውስጥ ምንም ሳይቀር ነው የተመለሰው።

ላኪዋ ሴትዮ የሳውዝ ሳይድ ልጅ ናት። ነጭ በነጭ ለብሳለች። ማራገቢያዋም ነጭ። ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝ ስትለኝ ጮህኩ። ለምን መሰላችሁ? ማርሻል ጄፈርሰን በ1986 ፒያኖን ሃውስ ውስጥ ያነገሠውን ዘፈን ሲሠራ ፖስታ ቤት የሌሊት ፈረቃ ተቀጣሪ ነበር። የዘፈነለት ከርቲስ ማክሌንም የሥራ ባልደረባው ነው። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀን የሚተኛ ሰው የሠራው ሙዚቃ መሆኑ ያስታውቃል።

ወደ ማታ ላይ ነው። ሙቀቱ ትንሽ በረድ ብሏል። ዲጄው አንድ የቆየ የቺካጎ ዘፈን ያዘ። መጀመሪያ ቤዙን አወጣው። መሬቱ ዝም አለ። ቀጥሎ ከበሮውን ቀነሰ። ድምፁ ብቻ ቀረ፤ ራቁቱን። ከዚያ ድምፁንም ዘጋው።

ሰዉ ቀጠለ። ማንም ሁለት ሦስት አላለም። ቅኝቱንም አልሳተም። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ ይሰማል።

ሴትዮዋ ክርኔን ያዘችኝ። "ቤቢ፣ ሁላችሁም ላይኛውን ይዛችሁ የት ልትደርሱ ነው? ታችኛውን ያዢ" አለችኝ። ታችኛው የቱ ነው? ጆሮዬ ሥር ገብታ አዜመችልኝ። በመዘምራን ውስጥ አርባ ዓመት ዘምራለች፤ አልቶ ናት፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ የምትይዝ። ሳትኩ። ደገመችልኝ። ሁለተኛው ላይ ያዝኩት። እሷ ወደ መሀሉ ወጣች። ከኋላችን ያለ ሰውዬ ቤዙን ያዘልን፤ ጎድን አጥንቱን ሳይጥል። ለአንድ ደቂቃ ያህል አራት ድንኳን የሚያህል መዘምራን ሆንን። ዲጄው ከፍ ብሎ አየን። እጁን አነሳ። ቤዙን ሲመልሰው ያቺ ሴትዮ ማራገቢያዋን ጧ! አድርጋ ከፈተችው፣ በትክክል ምቱ ላይ።

አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" ስትሉ አዝማሪው ግጥማችሁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። እዚህ ተገልብጧል። ሰጪው ዲጄው ነው፣ ተቀባዩ ሕዝቡ። ግጥሙን የማያውቅ ሕዝብ ይዘህ ይህን ማድረግ አትችልም። ትናንት ያ ልጅ ዘፋኟን በሰላሳ ሰከንድ የቆረጣት ቢተዋት ማን ይቀበልለት ነበር?

ጋሼን ዞር ብዬ አየሁ። ቆመዋል። ጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ጉልበታቸውን ያጠፍ ያጠፍ ያደርጋሉ።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አሉኝ ጮክ ብለው። "አንዷ ከመሀል ከተማ እስከ 79ኛ ጎዳና ስትዘፍነው ሄዳለች። ዝም በይ ብያት ነበር።"

እሑድ፣ ሰኔ 29

እትዬ ለቅዳሴ ሲወጡ እኔ በአውቶቡስ ወደ ብሮንዝቪል ሄድኩ። ተረከዜ በፋሻ ተጠቅልሏል።

33ኛ እና ኢንዲያና ጎዳናዎች ጥግ ላይ የፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቆሟል። ግድግዳው ብቻ። ጥር 2006 ላይ ተቃጥሏል፤ በብረት ተደግፎ ነው የቆመው። ሲሠራ የአይሁድ ምኩራብ ነበር። ቶማስ ዶርሲ እዚህ ነው መዘምራኑን ከ1932 ጀምሮ የመራው። ዶርሲ በፊት የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ የጭፈራ ቤት ሰው። ያንን ምት ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሽማግሌዎቹ ደስ አላላቸውም። ጎስፔል የሚባለው ሙዚቃ እንደ ዶርሲ ባሉ ሰዎች እጅ ነው ያደገው። እነ ሎሌታ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ይዘውት ወደ ጭፈራ ቤት መለሱት። ለእትዬ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ትንሽ ቆምኩ። ተውኩት።

ከዚያ ስቶኒ አይላንድ አርትስ ባንክ። በ1923 የተሠራ ባንክ ነው። ፈርሶ ሊጠፋ ሲል አርቲስቱ ቲያስተር ጌትስ ከከተማው በአንድ ዶላር ገዛው፤ አድሶ በ2015 ከፈተው። የፍራንኪ ናክልስ ሸክላዎች እዚህ ናቸው፤ ወደ 5,000 ገደማ። ፍራንኪ መጋቢት 2014 ነው የሞተው። ኦባማ ስለ ሐዘኑ ለወዳጆቹ ደብዳቤ ጽፎ እንደነበር አስታወስኩ። የኦባማ ማዕከል ቦታም ትናንት ከጨፈርንበት ሜዳ ብዙም አይርቅም።

ማታ ስማርትባር። ክላርክ ጎዳና ላይ፣ ከ1982 ጀምሮ ያለ፣ ደረጃ ወርዳችሁ የምትገቡበት ምድር ቤት። ፍራንኪም ስንት ጊዜ ተጫውቶበታል። ጠረጴዛ የለም ማለት ይቻላል። ስልክም ብዙ አላየሁም። ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላት የምትመስል ልጅ ስፒከሩ ሥር ዓይኗን ጨፍና ሙሉውን ዘፈን ከነማስረዘሚያው ታውቀዋለች። ትንፋሽ የሚሳብበትን ሳይቀር። እግሬን ስላመመኝ ግድግዳ ተደግፌ እሷን ሳይ አመሸሁ። አንድ ጊዜ ላይኛውን ስትይዝ ሳላስበው ታችኛውን ያዝኩላት። ዓይኗን ገልጣ ሳቀች፣ መልሳ ጨፈነች።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

እትዬ ዳቦ ቆሎና በርበሬ ቋጠሩልኝ። ጋሼ በጀፈርሰን በኩል ነዱ። ሳልጠይቃቸው ነው። ሕንፃው ጋ ሲደርሱ ቀስ አሉ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋባቸው።

"ካሴቱን ላስገልብጠው?" አልኳቸው። ወደ ስልክ፣ ወደ ኮምፒዩተር የሚቀይሩ ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግ አሉ።

"ሁለቱንም ገጽ?"

"እንዳሉኝ።"

ትንሽ ነዱ። "ሁለቱንም" አሉ። ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጠዋቱን ይዘውት ኖሯል።

ባቡሩ ኢንዲያና ሲገባ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ስልኬን ከፈትኩ። ቅዳሜ ያ ሁሉ ሰው ሲዘፍን ቀርጬ ነበር። የአራት ደቂቃ ቅጂ ነው። መጀመሪያ ንፋስ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ በጣም ቅርብ፣ ታችኛውን ስስት። የሴትዮዋ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሕዝቡ የለም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጋሼ ይስላሉ። ከዚያ በግልጽ፣ ማይክሮፎኑ ላይ የተናገሩ ያህል፦

"ልጄ፣ ውሃ አለሽ?"